በጣሪያችን ላይ ያለው በርሜል፦ የዱድ ሼሜሽ ታሪክና የአሮጌ ዕቃ ሒሳብ



በዚህ አገር ከፍ ካለ ቦታ ላይ ቆሞ ወደ ከተማው የተመለከተ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ዓይኑ ውስጥ የሚገባው በየጣሪያው ላይ የተደረደረው ነጭ በርሜልና ከበርሜሉ ሥር ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ የተቀመጠው ጥቁር ሰሌዳ ነው። አዲስ ገቢ የሆነ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት "ይህ ሁሉ በርሜል ምንድን ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ዱድ ሼሜሽ ይባላል፣ በፀሐይ ውሃ ያሞቃል ይሉታል። ከዚያ በኋላ በርሜሉ እስኪበላሽ ድረስ ስለ እሱ የሚያስብ የለም።

ባለፈው ክረምት በሥራዬ ምክንያት የማውቃቸውን አንዲት እናት ልጠይቅ ቤታቸው ሄጄ ነበር። የሚኖሩት በ1960ዎቹ በተሠራ ባለ አራት ፎቅ ሺኩን ውስጥ ነው። ቡናው ገና ሳይፈላ የመታጠቢያ ቤቱን በር ከፍተው "ልጄ፣ እስቲ ይኼን ውሃ ንኪልኝ" አሉኝ። ውሃው እንደ በረዶ ነው። "እማማ፣ ማብሪያውን ስንት ሰዓት ሆነው ካበሩት?" ብላቸው "ከጠዋት ጀምሮ አልጠፋም" አሉ። በዚያ አንድ ክረምት ሦስት ጊዜ ኢንስታላቶር መጥቶ፣ ሦስት ጊዜ ገንዘብ ተቀብሎ ሄዷል። አንዱ የኤሌክትሪኩን ማሞቂያ፣ ማለትም ጉፍ ሒሙሙን ለወጠ፣ አንዱ ቴርሞስታቱን፣ ሦስተኛው ደግሞ ከቧንቧው ላይ አንድ ነገር ነካክቶ ወረደ። የከፈሉት ሁሉ ሲደመር አዲስ በርሜል ለመግዛት ብዙም አይጎድለውም ነበር። በርሜሉ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ብጠይቃቸው "እኛ ስንገባ እዚያው ነበር" ብለው መለሱልኝ። እሳቸው የገቡት በ2008 ነው።

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረችኝ ያቺ "እኛ ስንገባ እዚያው ነበር" የምትለው ቃል ናት። በብዙ ቤት ሰምቻታለሁና። ዕቃው ከየት እንደመጣ፣ ለምን በጣሪያ ላይ እንደወጣ፣ ዕድሜው ስንት እንደሆነ ያላወቀ ሰው መቼ ማስጠገን፣ መቼስ መጣል እንዳለበት ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ከታሪኩ ልጀምር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ከሩቅ ነው የሚጀምረው

ፀሐይን በሳጥን ማጥመድ የእስራኤል ፈጠራ አይደለም። በ1767 ሆራስ ደ ሶሲር የተባለ የስዊዘርላንድ ሊቅ በመስተዋት የተከደነ ሳጥን ሠርቶ ፀሐይ ላይ ቢያስቀምጠው፣ የሳጥኑ ውስጥ ውሃ ከሚፈላበት ሙቀት በላይ ሆኖ አገኘው። በ1891 ደግሞ ክላረንስ ኬምፕ የተባለ አሜሪካዊ በባልቲሞር ከተማ የውሃ በርሜሎችን በእንዲህ ዓይነት ሳጥን ውስጥ አድርጎ ለገበያ አቀረበ። የኬምፕ ዕቃ ቀን ቀን ደህና ይሠራል፤ ነገር ግን ውሃው የሚቀመጠውም የሚሞቀውም በዚያው ሳጥን ውስጥ ስለሆነ ማታ ይቀዘቅዛል። ጠዋት ፊቱን ሊታጠብ የተነሣ ሰው ቀዝቃዛ ውሃ ይጠብቀዋል።

ይህን ችግር የፈታው በ1909 በካሊፎርኒያ የነበረው ዊልያም ቤይሊ ነው። ቤይሊ ማሞቂያውንና ማስቀመጫውን ለየ። ጥቁር ሰሌዳው ከቀጫጭን ቧንቧዎች ጋር ከታች ሆነ፤ በርሜሉ ሙቀት እንዳያመልጥ ተሸፍኖ ከላይ ተቀመጠ። የሞቀ ውሃ ከቀዝቃዛ ውሃ ይልቅ ቀላል ስለሆነ በራሱ ጊዜ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀዝቃዛው ደግሞ በምትኩ ወደ ታች ይወርዳል። ፓምፕ የለም፣ ሞተር የለም። ዛሬ በብዙ ቤቶች ላይ በርሜሉ ከሰሌዳው ከፍ ብሎ የተቀመጠው በዚሁ ምክንያት እንጂ ለማማር አይደለም። ቤይሊ ለዕቃው የሰጠው ስም "ቀንና ሌሊት" የሚል ነበር።

ከዚያም ነገሩ ወደ ፍሎሪዳ ተሻገረ። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ በማያሚ ከተማ በፀሐይ ውሃ ማሞቅ እጅግ ተስፋፋ፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች ይህ ዕቃ ነበራቸው። ታዲያ ዛሬ የማያሚ ጣሪያ ለምን እንደ እኛ ጣሪያ አይደለም? አንዱ ምክንያት ጦርነት ነው፤ አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ መዳብ ለጦር መሣሪያ ብቻ እንዲውል ሆነ። ሁለተኛው ምክንያት ከጦርነቱ በኋላ የኤሌክትሪክ ዋጋ መርከሱ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሦስተኛው ነው፤ በርሜሎቹ አረጁ። መዳብና ብረት በሙቅ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ ብረቱ ቶሎ ይበላል፤ የብረት በርሜሎቹም ዝገው መፍሰስ ጀመሩ። ዕቃው ሲገዛ "ነዳጅ አያስፈልገውም፣ ነፃ ነው" ተብሎ ስለነበር ለምትኩ ገንዘብ ያስቀመጠ ሰው ጥቂት ነው። በርሜሉ የፈሰሰበት ባለቤት ምትኩን ከመግዛት ይልቅ ርካሹን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አስገባ፤ ጥቁሩ ሰሌዳ በጣሪያው ላይ ባዶውን ቀረ።

በእስራኤል

አገሪቱ በ1948 ስትቆም በውስጧ የነበሩት አይሁድ ወደ 650,000 ገደማ ነበሩ። በ1951 መጨረሻ ቁጥሩ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ከየአገሩ የመጡት ዖሊም በድንኳንና በቆርቆሮ ቤት፣ መዓባሮት በሚባሉት ሰፈሮች ተቀመጡ። ምግብ በካርድ ይታደል ነበር፤ ያ ዘመን ጼናዕ ይባላል። ሽማግሌ ጎረቤት ያላችሁ እንደሆነ ጠይቁ፣ ስለ ዱቄት እንቁላል ያጫውቷችኋል። ነዳጅም እጥረት ስለነበረ መንግሥት ከሌሊቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ውሃ ማሞቅን እስከመከልከል ደርሶ ነበር።

በዚህ ጊዜ ሌቪ ይሳር የተባለ ኢንጂነር ለሙከራ አንድ የፀሐይ ማሞቂያ ሠራ፤ በ1953ም ኔር-ያ የተባለ ኩባንያ አቋቁሞ በአገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሽያጭ ማምረት ጀመረ። ከእሱ ጎን መነሣት ያለበት ሌላ ሰው ሐሪ ጽቪ ታቦር ነው። ታቦር በ1917 በለንደን ተወልዶ በ1949 ዓሊያ ያደረገ የፊዚክስ ሊቅ ነበር። ያስጨነቀው ነገር ይህ ነው፦ ተራ ጥቁር ቀለም የፀሐይን ብርሃን ይውጣል፤ ነገር ግን ሲግል የዋጠውን ሙቀት መልሶ ይተፋል። ታቦር በ1955 ብርሃኑን የሚውጥ፣ ሙቀቱን ግን በቀላሉ የማይለቅ ልዩ ጥቁር ሽፋን ሠራ። ሥራው በዓለም ታወቀ። እሱም በ2015 እስኪሞት ድረስ ረጅም ዕድሜ ኖሮ፣ የአገሩ ጣሪያ በዱድ ሲሞላ በዓይኑ ለማየት በቅቷል።

ይሁን እንጂ ሕዝቡ ወዲያው አልተቀበለውም። ኤሌክትሪክ ርካሽ በሆነበት ጊዜ ዱድ ሼሜሽ ለመግዛት አንድ ጊዜ ብዙ ገንዘብ ማውጣት ከባድ ነው። ሕንፃ የሚሠራው ተቋራጭ ደግሞ የራሱ ሒሳብ አለው። ዱዱን ካስገባ ወጪው የእሱ ነው፤ ካላስገባ የኤሌክትሪኩን ክፍያ የሚከፍለው ገዢው ነው። ገዢም ቤት ሲያይ የሚጠይቀው ስለ ክፍሉ ብዛትና ስለ ዋጋው እንጂ ከአሥር ዓመት በኋላ ስለሚመጣው ሒሳብ አይደለም። ይህን ስል ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ እኔም ቤት ስፈልግ ያየሁት ወጥ ቤቱን ነበር።

ነገሩን የለወጠው የ1973ቱ የዮም ኪፑር ጦርነት ነው። የነዳጅ ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከአንድ በርሜል 3 ዶላር ገደማ ወደ 12 ዶላር ገደማ ወጣ። በ1979 ደግሞ በኢራን አብዮት ሲነሣ እስራኤል ከዚያ ታገኘው የነበረው ነዳጅ ተቋረጠ። በ1980 ክኔሴት አዲስ የሚሠሩ መኖሪያ ቤቶች ሁሉ የፀሐይ ማሞቂያ እንዲገባላቸው አዘዘ፤ ጣሪያቸው ለማይበቃ ረጃጅም ሕንፃዎች ብቻ ተፈቀደ። ከዚህም የተነሣ በ2000ዎቹ ዓመታት ከ100 ቤተሰቦች ከ80 የሚበልጡት በፀሐይ ውሃ የሚያሞቁ ሆኑ፤ በዚህ እስራኤል ከዓለም ቀዳሚዎቹ መካከል ተቆጠረች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሕጉ ያዘዘው መጀመሪያ የሚገባውን ዱድ ነው። ተቋራጩ የመጀመሪያውን ያስገባል፤ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን የሚያስገባው ግን የቤቱ ባለቤት ነው። በ1982 የተሠራ ቤት እስከ ዛሬ ሦስት ወይም አራት በርሜል ጨርሷል። በየዓመቱ ከሚሸጡት በርሜሎች ብዙዎቹ ለአዲስ ቤት ሳይሆን ለአሮጌዎቹ ምትክ የሚሆኑት ለዚህ ነው። ማያሚ የወደቀችበትን ቦታ እስራኤል ያለፈችው ዕቃዋ ስለማያረጅ አይደለም። ዕቃውም፣ መለዋወጫውም፣ የሚሰቅለው ሰውም በየሰፈሩ እንዲገኝ ገበያው ስለሰፋ ነው።

የእኛ ሰዎች ወደ ሺኩኑ ሲገቡ

በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ ወገኖቻችን ወደዚህ አገር ገቡ። በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ያህል ጊዜ ነው የመጣው። ሆቴሉ፣ መርካዝ ክሊታው፣ ከዚያም የካራቫኑ ሰፈር ተከተለ። በካራቫን የኖረ ሰው የብረት ግድግዳ በበጋ እንዴት እንደሚያቃጥል፣ በክረምት እንዴት እንደሚያንቀጠቅጥ አይረሳም።

በ1993 መንግሥት ለኢትዮጵያውያን ዖሊም ልዩ ማሽካንታ አወጣ፤ አብዛኛው ገንዘብ እንደ ስጦታ የሚታሰብ፣ ጥቂቱ ብቻ የሚመለስ ነበር። ለቤተሰቦቻችን ትልቅ ነገር ነበረ፤ ከካራቫን ወጥቶ የራስ ቁልፍ መያዝ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ገንዘቡ የሚበቃው የቤት ዋጋ ዝቅ ባለበት ቦታ ነው። በመሆኑም ብዙዎቹ በነታንያ፣ በሬሖቮት፣ በሐዴራ፣ በቂርያት ማላኺ፣ በአፉላና በሌሎችም ከተሞች፣ በ1950ዎቹ፣ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በተሠሩ ሕንፃዎች ውስጥ ገዙ። ቤቱ ርካሽ የሆነበት አንዱ ምክንያት ማርጀቱ ነው። ቧንቧው አርጅቷል፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ አርጅቷል፣ የጣሪያው ዝፍት ተሰነጣጥቋል፣ በርሜሉም ዝጓል። ማሽካንታው የቤቱን ዋጋ አስቧል፤ የቤቱን እርጅና ግን አላሰበም። ከመርካዝ ክሊታ ሲወጡ ስለ ባንክ፣ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ኩፓት ሖሊም የነገሯቸው ብዙ ነበሩ። "በርሜሉ ስንት ዓመቱ ነው ብላችሁ ጠይቁ" ያላቸው ሰው እንደነበረ ግን ከጠየቅኋቸው አባቶችና እናቶች አንድም አልነገረኝም።

ይህን ስጽፍ የእኛ ሰው ዕቃ መጠበቅ አያውቅም ማለቴ አይደለም። እንዲህ የሚሉ አንዳንድ ሰዎችን ሰምቼ አዝኛለሁ። በጎንደር አገር ገበሬው ሁሉ ማረሻውን የሚያስጠግነው ማን ዘንድ ሄዶ ነበር? ወናፉን የሚነፋው፣ ጉጠቱንና መዶሻውን የያዘው የቤተ እስራኤል ቀጥቃጭ አልነበረምን? ያ ገበሬ ስለ ሙያችን ክፉ ስም ሲያወጣልን ኖሯል፤ ማረሻው ሲዶለዱም ግን ወደ እኛው ይመጣል። ቀጥቃጩ ማረሻውን አይቶ "ይኼ ይሳላል"፣ "ይኼ ጫፉ ይቀጠላል"፣ "ይኼስ አልቋል፣ ብረቱን ለማጭድ እናድርገው" ይል ነበር። ሴቶቻችን ደግሞ ሸክላ ይሠሩ ነበር። እንስራ ሲሰነጠቅ እንደ ማረሻ እሳት ውስጥ ተከትቶ አይታደስም፤ ሌላ እንስራ ይገዛል እንጂ። አያቶቻችን ማረሻ የሆነውንና እንስራ የሆነውን ዕቃ ለይተው ያውቁ ነበር።

ዱድ ሼሜሽም ሁለቱንም በአንድ ላይ የያዘ ነው።

ማረሻውና እንስራው

በርሜሉ እንስራው ነው። ከብረት የተሠራ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ውስጡ እንደ ሸክላ ማሰሮ በመስተዋት መሰል ሽፋን ይለበጣል። ሽፋኑ ተሰንጥቆ ውሃው ብረቱን ካገኘ ዝገቱ ከውስጥ ይጀምራል። አንዴ ከተበሳ መበየዱ የትም አያደርስም፤ አንዱን ቀዳዳ ሲደፍኑት ሌላው ይከፈታል። ከውጭ የዛገ ውሃ ሲወርድ ከታየ፣ ወይም የሞቀው ውሃ ቡናማ ሆኖ ከመጣ፣ በርሜሉ መልእክቱን እየላከ ነው ማለት ነው።

የቀረው ሁሉ ማረሻ ነው። ጉፍ ሒሙሙ ይለወጣል። ቴርሞስታቱ ይለወጣል። የሰሌዳው መስተዋት ቢሰበር ይተካል፤ አቧራ ሲይዘው ደግሞ ይታጠባል፣ ለዚህ ባለሙያ እንኳ አያስፈልግም፣ ጣሪያው ላይ በሰላም መውጣት የሚችል ሰው ይበቃል። የቧንቧዎቹ ልባስ በፀሐይ ይፈረካከሳልና በርካሽ ዋጋ ይታደሳል።

ከሁሉ የሚረሳው ግን አኖድ የሚባለው ነው። ይህ ከማግኒዥየም የተሠራ ዘንግ ሲሆን በብዙ በርሜሎች ውስጥ ተተክሎ ይመጣል። ሥራው መበላት ነው። ውሃው ብረቱን እንዳይበላው እሱ ቀድሞ ይበላል፤ ለበርሜሉ ቤዛ ሆኖ ያልቃል። ካለቀ በኋላ ውሃው ፊቱን ወደ በርሜሉ ያዞራል። ዘንጉ ርካሽ ነው፤ በጥቂት ዓመታት አንድ ጊዜ ማስከፈትና ማየት በርሜሉን ብዙ ያቆየዋል። ሆኖም ኢንስታላቶሩ ካልተጠየቀ አያነሣውም። ስለዚህ ጉፍ ሒሙሙን ለማስለወጥ በርሜሉ በተከፈተ ጊዜ "አኖዱንም እይልኝ" ማለት ነው። በዚያው ጊዜ አቫኒት የሚባለው ነጭ ድንጋይም ይጠረጋል። የዚህ አገር ውሃ በብዙ ቦታ ኖራ የበዛበት ስለሆነ በምናፈላበት ጀበና ውስጥ የምናየው ነጭ ነገር በበርሜሉም ውስጥ አለ። ጉፍ ሒሙሙ ላይ ሲጋገር ሙቀቱን ይዞ ያቃጥለዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። 150 ሊትር የሚይዝ በርሜል ሙሉውን ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ ለማሞቅ ወደ 7 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ በ2.5 ኪሎዋት ጉፍ ሒሙም ሦስት ሰዓት ያህል ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ በርቶ ውሃው ካልሞቀ ብልሽት አለ፤ ማብሪያውን አጥፍቶ ሰው መጥራት ይሻላል። ኤሌክትሪኩ በርቶ ሳለ ግን ማንም ሰው በርሜሉን አይክፈት።

የሒሳቡ ነገር

ዋጋው ከቦታ ቦታና ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ የምጽፋቸው ቁጥሮች ለምሳሌ ብቻ ናቸው። እንበል፣ አዲስ በርሜል ከነማስገቢያው 2,400 ሼቄል ሆነ፤ 12 ዓመት አገለገለ። የአንዱ ዓመት ዋጋ 200 ሼቄል ነው። ይህችን ቁጥር በልባችሁ ያዙ።

በርሜሉ በ4ኛ ዓመቱ ተበላሸና ኢንስታላቶሩ 500 ሼቄል ጠየቀ እንበል። ገና 8 ዓመት ሊያገለግል የሚችል ከሆነ 500 ለ8 ሲካፈል በዓመት ከ63 ሼቄል አይበልጥም። በዚህ ጊዜ "አዲስ ግዙ" የሚል ሰው ከመጣ የ8 ዓመት አገልግሎት፣ ማለትም 1,600 ሼቄል፣ አውጥታችሁ እንድትጥሉ ነው የሚነግራችሁ። አሁን ደግሞ ያው በርሜል 12ኛ ዓመቱን አልፎ ያው 500 ሼቄል ተጠየቀ እንበል። ይህ ገንዘብ የሚገዛላችሁ ምናልባት አንድ ክረምት ነው። አንድ ዓመት በ500 ሼቄል ከምትገዙ አዲሱን በ200 መግዛቱ ይረክሳል። ያው ብልሽት፣ ያው ክፍያ ሆኖ ሳለ መልሱ የተለያየው በበርሜሉ ዕድሜ ምክንያት ነው። የዚያች እናት ሦስቱ ኢንስታላቶሮች ሌቦች ናቸው አልልም። እያንዳንዳቸው የተጠየቁትን ሠሩ፤ ሦስቱን ክፍያ ደምሮ በዕድሜው የሚያካፍል ሰው ግን በቤቱ አልነበረም።

ዕድሜው ታዲያ እንዴት ይታወቃል? ብዙውን ጊዜ በበርሜሉ ላይ የፋብሪካው ወረቀት ተለጥፎ የተሠራበት ዓመት ይገኝበታል። ፀሐይ ካጠፋው የዋስትናው ወረቀት ላይ አለ። አሁን ቤት ልትገዙ የተዘጋጃችሁ፣ በተለይም ከ2020 ወዲህ ከጎንደርና ከአዲስ አበባ የመጣችሁ ቤተሰቦች፣ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ጣሪያው ላይ አንድ ሰው ልካችሁ አስነብቡ። በርሜሉ ያረጀ ከሆነ በዋጋው ላይ ለመነጋገር አንድ ምክንያት ሆነላችሁ ማለት ነው።

በወር 20 ሼቄል ለብቻው የሚያስቀምጥ ሰው በ10 ዓመት 2,400 ሼቄል ይኖረዋል። ይህ ለብዙዎቻችን የሚከብድ ገንዘብ አይደለም፤ የሚከብደው ለ10 ዓመት አለመንካቱ ነው። እኛ ደግሞ ለዚህ የቆየ መድኃኒት አለን፣ እቁብ። በአንድ መግቢያ ውስጥ የሚኖሩ ጎረቤቶች በየተራ ለበርሜል እቁብ ቢጥሉ፣ ወይም ሁለት ሦስት ሆነው በአንድ ቀን ቢያስለውጡ፣ ሠራተኛው የሚወጣው አንድ ጊዜ ስለሆነ ዋጋውን ለመቀነስ መነጋገር ይቻላል። ቫዓድ ባይቱ ጣሪያውን ዝፍት ሊያስቀባ ሲያስብ በርሜሎቹ መነሣታቸው ስለማይቀር ያረጁትን በዚያው ጊዜ መለወጥ ሁለት ጊዜ ከመክፈል ያድናል። ከሁሉ በላይ ግን በበጋ አድርጉት። በጥር ወር ሌሊት ሕፃን እያለቀሰ የሚጠራ ኢንስታላቶር የጠየቀውን ይከፈለዋል፤ በሐምሌ ግን የሦስት ሰዎችን ዋጋ ጠይቆ መምረጥ ይቻላል።

ወጪው የማን እንደሆነም መታወቅ አለበት። በ1969 በወጣው የመሬትና ይዞታ ሕግ መሠረት በጋራ ሕንፃ ውስጥ የሚኖር ባለቤት ሁሉ የጋራ የሆነውን፣ ማለትም ደረጃውን፣ ጣሪያውንና የጋራ ቧንቧውን ለመጠበቅ ድርሻውን ይከፍላል። የእናንተን ቤት ብቻ የሚያሞቀው በርሜል ግን የእናንተው ነው፤ ቫዓድ ባይቱ አይለውጥላችሁም። በኪራይ የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ በ2017 የወጣው የኪራይ ሕግ በተከራዩ ጥፋት ያልመጣን ብልሽት አከራዩ እንዲያስጠግን ያዛል፤ ከተነገረው ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ፣ አስቸኳይ ብልሽት ከሆነ በ3 ቀን ውስጥ። ስለዚህ በቃል ብቻ አትንገሩት። በስልክ መልእክት ጻፉለት፣ ቀኑ እንዲታወቅ። ማሽካንታ ያለባችሁ ሰዎች ባንኩ ያስገባችሁን የሕንፃ መድን አውጥታችሁ የቧንቧና የውሃ ጉዳት በውሉ ውስጥ መኖሩን አስነብቡ። በርሜል ሲፈነዳ ከበርሜሉ ዋጋ ይልቅ የታች ጎረቤት ጣሪያ ሊበልጥ ይችላልና።

ያቺ እናት በርሜሉን የለወጡት በሰኔ ነው። በዚያው መግቢያ ካሉ ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ተነጋግረው፣ አንደኛዋ ሩሲያዊት ናት፣ ሦስቱን በአንድ ቀን አስሰቀሉ። የልጅ ልጃቸው የተለወጠበትን ወርና ዓመት በዕብራይስጥም በአማርኛም ጽፎ በኤሌክትሪኩ ሳጥን በር ውስጥ ለጠፈው። በቀደም ስጠይቃቸው ስለ በርሜሉ አንድም ቃል ሳይናገሩ እጄን ይዘው ወደ ወጥ ቤት ወሰዱኝና "ይኸውልሽ ልጄ፣ ይኼ ማቀዝቀዣስ ስንት ዓመቱ ይሆን?" አሉኝ።